ቀይ ክር የታሰረበት ባዶ ፎልደር

ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ እኔ ብልህ ሰው ነኝ። ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም። የምተርክላችሁን እስክትጨርሱ ልትጠራጠሩኝ ስለምትችሉ፣ ከወዲሁ ይመዝገብልኝ ብዬ ነው።

ነገሩ የሆነው ቢፒአር የሚሉት የአሠራር ለውጥ ቦንጋ በገባበት ዘመን ነው። የመምህራን ጉዳይ በሚታይበት አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒዩተር ባለሙያ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ደመወዜን እስከ ዛሬ የምቀበለው ከዚያው ነው። እዚያ ስሜን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «አይቲው» ነበር የምባለው። አይቲው ማለት ፕሪንተር ወረቀት ሲያኝክ የሚጠራ፣ መብራት ሲጠፋ የሚወቀስ፣ የኃላፊው ቴፕ ካሴት ሲጎርስ ብሎን መፍቻ ይዞ የሚላክ ሰው ነው። ይህን ሁሉ በትዕግሥት እሠራ ነበር፤ ልቤ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

ልቤ የነበረው ጅማ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬ በላከልኝ ሲዲ ውስጥ ነው። ሲዲው ላይ ፓይተን የሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ሶርስ ኮድ ነበረበት፤ ማለትም ቋንቋው ራሱ የተሠራበት ጽሑፍ። ለዓመታት ወጡን ስበላ ኖሬ አሁን ወጥ ቤቱ ተከፈተልኝ በሉት። በስክሪን ማንበብ ዐይኔን ስላደከመኝ በቢሮው ፕሪንተር አተምኩት። የሦስት ወር የወረቀት ኮታ በሁለት ቀን አለቀ። ኃላፊያችን አቶ ተፈራ ክምሩን አይተው፣

«ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የቋንቋ ሰነድ ነው።»

«የየትኛው ብሔረሰብ?»

በዚያ ዘመን ለቋንቋ ሰነድ ወረቀት የሚከለክል ኃላፊ አልነበረም። «ገና በጥናት ላይ ነው» ብዬ አለፍኩ። አቶ ተፈራም በርታ አሉኝ።

እናንተዬ፣ ያ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ብልጠት! ሰዎቹ ኮምፒዩተሩን ከአንዲት ትርፍ እርምጃ ለማዳን ያልፈነቀሉት ድንጋይ የለም። ያነበብኩትን የምነግረው ሰው ስላጣሁ ለእትዬ አስካለ እነግራቸው ጀመር። እትዬ አስካለ የመዝገብ ቤታችን ሠራተኛ ናቸው። የማንኪራ ገጠር ልጅ ናቸው፤ አገልግሎታቸው ከእኔ ዕድሜ ይበልጣል፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ሸብ አድርገው መሰላል ሲወጡ ደግሞ የሚቀድማቸው የለም። የዞኑ መምህራን ፋይል በሙሉ ከወለል እስከ ጣሪያ በእሳቸው እጅ ነው።

«እትዬ፣ ይህ ቋንቋ ምን እንደሚያደርግ ያውቃሉ?» አልኳቸው አንድ ቀን። «ትንንሾቹን ቁጥሮች ሰው በየደቂቃው እንደሚጠይቃቸው ያውቃል። ስለዚህ ገና ሥራ ሳይጀምር ሠርቷቸው አጠገቡ ያስቀምጣቸዋል። ሲጠየቅ ብድግ አድርጎ መስጠት ነው!»

«ታዲያ ምኑ ይደንቃል?» አሉኝ ከመሰላሉ ላይ። «የሚፈለገውን ደጅ ላይ ማስቀመጥ ነዋ።»

አዘንኩላቸው። ሌላ ጨመርኩላቸው፤ «ዝርዝር ውስጥ አንድ ነገር ለመጨመር ቦታ ሲያጣ፣ የአንድ ቦታ ብቻ አይጠይቅም። ነገም ሌላ መምጣቱ አይቀርም ብሎ ትርፍ ቦታ ይዞ ይጠብቃል።»

«አባቴም አንድ የንብ መንጋ ሲያይ ሦስት ቀፎ ነበር የሚሰቅለው።»

«እትዬ፣ ይሄ እኮ ቴክኖሎጂ ነው» አልኳቸው፤ ድምፄ ውስጥ የነበረው ርኅራኄ ዛሬ ሲታወሰኝ ጆሮዬ ይግላል። ሦስተኛም ብልጠት ነበር። ገጹ ዳር ላይ በቀይ እስክሪብቶ «ድንቅ!» ብዬ ጽፌበታለሁ። እሱን ግን ለጊዜው ላቆየው፤ አሁን ብነግራችሁ ታሪኩን ትቀድሙኛላችሁ።

አሁን ወደ ጭንቀቴ ልግባ። ባለቤቴ መሠረት ቢታ በሚባል ሩቅ ወረዳ፣ ቢታ ገነት ከተማ ውስጥ መምህርት ነበረች። ከተጋባን ሁለት ዓመት ሆኖናል፤ አብረን የኖርነው ግን በዓላቱን ነው ቢባል ይቀላል። ፋሲካ ባልና ሚስት ነን፣ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የስልክ ወዳጆች ነን። በዚያ ሰኔ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። የዝውውር ኮሚቴው ሐሙስ በስምንት ሰዓት ይቀመጣል። ወደ ቦንጋ እንድትዛወር የሚያስፈልጋት ነገር ሁሉ ተሟልቷል። የቀረው ፋይሏ ኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ መገኘቱ ብቻ ነው፤ ፋይሉ ያልቀረበ መምህር ጉዳዩ ለከርሞ ይተላለፋል። ለከርሞ ማለት ደግሞ መስከረም ሲጠባ መሠረት ጨቅላዋን ታቅፋ ወደ ቢታ፣ እኔ ወደ ፕሪንተሬ ማለት ነው። 

በዚያው ሳምንት እሑድ ለእትዬ አስካለ መርዶ መጣ። ዋጫ የሚኖሩት የአክስታቸው ባል አርፈው ነበርና ሳምንቱን እዚያው ሊቆዩ ሄዱ። ሰኞ ጠዋት አቶ ተፈራ ጠሩኝ።

«አይቲው፣ በሚቀጥለው ሳምንት ገምጋሚዎች ይመጣሉ። መዝገብ ቤቱን በቢፒአር መንፈስ አስተካክልልኝ። የዝውውሩንም ፋይሎች አንተ ታቀርባለህ።»

«አንድ ቀን ይበቃኛል» አልኳቸው።

እውነትም በቃኝ። ስገባ መጀመሪያ ያየሁት መስኮቱ ደፍ ላይ የተከመሩ ሃምሳ ያህል ፋይሎች ናቸው። መደርደሪያ ሞልቶ መስኮት ላይ! «የዘመናት ዝርክርክነት» አልኩና ክዳን የሌለው ካርቶን ውስጥ ከትቼ፣ ከመስኮት ደፉ ጋር የነበራቸውን ዝምድና አቋርጬ፣ በኋላ ይደረደራሉ ብዬ ቢሮዬ ወስጄ ጠረጴዛዬ ሥር አስቀመጥኳቸው። የካርቶኑ ቁመት ለእግር ማሳረፊያ ልክክ ያለ ነበር።

ቀጥሎ መደርደሪያዎቹን ስፈትሽ አንድ ጉድ አገኘሁ። በፋይሎቹ መሃል መሃል ቀይ ክር የታሰረበት ፎልደር አለ። ከፈትኩት፤ ባዶ ነው። ሌላውን ከፈትኩት፤ ባዶ። መቶ አርባ ፎልደር ቆጠርኩ፣ አንዱም ውስጥ አንድ ቅጠል ወረቀት የለም። በየቢሮው የፎልደር ያለህ እየተባለ፣ እዚህ መቶ አርባ ፎልደር አንገቱን በክር ታስሮ ቁጭ ብሏል! ክሩን በጥሼ ለየክፍሉ አከፋፈልኩ። ፋይናንሶች መረቁኝ። ዕቅድ ክፍል ሻይ ጋበዘኝ። ማክሰኞ ጠዋት በስብሰባ አቶ ተፈራ «ዕውቀት ሲገባ እንዲህ ነው» ብለው አስጨበጨቡልኝ። እኔም አንገቴን ሰበር አድርጌ ጭብጨባውን ተቀበልኩ።

ባለጉዳይ መምጣት የጀመረው ከጭብጨባው በኋላ ነው።

መዝገብ ቤቱ ግድግዳ ላይ እትዬ አስካለ በእጃቸው የጻፉት መመሪያ ተለጥፏል። «በወረዳው መደርደሪያ ፈልግ። ካጣህ ሦስት መደርደሪያ እየዘለልክ ፈልግ። ክፍት ቦታ ካገኘህ ቁም፣ ሰውየው ፋይል የለውም።» አጭርና ግልጽ ነው፤ እንዲያውም ሳነበው ለእሳቸው ያለኝ ግምት በመጠኑ ከፍ አለ። ቦታ የጠበበበት ወረዳ ፋይሉን ሦስት መደርደሪያ አልፎ ያሳድራል ማለት ነው። እኔም መመሪያውን ቃል በቃል ተከተልኩ። የመጀመሪያው ባለጉዳይ የሥራ ልምድ ሊያጽፍ የመጣ መምህር ነበር። በወረዳው ፈለግኩ፣ የለም። ሦስት ዘለልኩ፤ ክፍት ቦታ።

«ፋይል የለህም» አልኩት።

«እንዴት የለኝም? ዘጠኝ ዓመት አስተምሬያለሁ!»

«በመዝገብ የለህም።»

እስከ ረቡዕ ምሳ ሰዓት ድረስ አሥራ ሰባት መምህራንን ከመንግሥት ሥራ አጠፋሁ። ኮሪደሩ በሌሉ ሰዎች ተሞላ። አንዱ ሲጮህ፣ አንዱ ሲያለቅስ፣ አንዱ የሠርግ ፎቶግራፉን አውጥቶ ሲያሳየኝ (ፎቶው ለመምህርነቱ ምን ማስረጃ እንደሚሆን እስከ ዛሬ አልገባኝም)፣ እኔ ግን አልተበገርኩም። እኔ መዝገቡን ነው የማምነው። ከሁሉ የከበደኝ ጋሽ ሀብቴ ሲመጡ ነበር። ጋሽ ሀብቴ አንደኛ ክፍል ፊደል ያስቆጠሩኝ አስተማሪዬ ናቸው። እሳቸውንም ፈልጌ አጣኋቸውና አንገቴን ደፍቼ ነገርኳቸው።

«የሉም፣ ጋሼ።»

ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እሺ ልጄ፣ የለህም ካልከኝ የለሁም» አሉ። «ግን ‹ሀ›ን ‹ሀ› ብሎ ያሳየህ ማነው?»

 ነገ ይምጡ አልኳቸው።

ረቡዕ ከሰዓት የኮሚቴው ጸሐፊ የዝውውር አመልካቾችን ስም ዝርዝር ሰጠኝ። ሃምሳ ሰው ነው። ከመሠረት ጀመርኩ፤ የራስ ጉዳይ ነውና አይፈረድብኝም። ቢታ መደርደሪያ ላይ የለችም። ሦስት ዘለልኩ፤ ክፍት ቦታ። ላብ አጠመቀኝ። ሚስቴ የለችም! ሁለተኛውን ፈለግኩ፣ የለም። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ ሃምሳኛው፤ አንድም የለም። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ራሱን ይጠረጥር ነበር። እኔ ግን ይህን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ መጥፋቱ የእትዬ አስካለን አያያዝ ብልሽት ያረጋግጣል አልኩ። መደርደሪያውን በሙሉ አንድ በአንድ እንዳልበረብር ክፍሉ ሳምንት የሚፈጅ ነው።

ቢሮዬ ገብቼ እግሬን ካርቶኑ ላይ ሰቅዬ ስተክዝ ስልኩ ጮኸ። መሠረት ናት። ቢታ ገነት ስልክ ቤት ወረፋ ይዛ መደወሏ ነው።

«ፋይሌ ተገኘ?» አለችኝ።

«አታስቢ፣ እዚሁ አጠገቤ ነው።»

«እውነትህን ነው? ልጁ ዛሬ ሲራገጥ ነው የዋለው። አባቱ ጋ ልሂድ እያለ ነው መሰለኝ።»

ስልኩን ዘጋሁ። ለሚስቴ ዋሸሁ ብዬ ተጸጸትኩ። እንዳልዋሸሁ ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ ዋጫ ተነሳሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ልቅሶ ቤት ደረስኩ። ድንኳኑ ሙሉ ነው፤ እትዬ አስካለ ከሴቶቹ መሃል ተቀምጠዋል። ታዲያ ልቅሶ ቤት ተገብቶ «ፋይል የት አለ?» አይባል! አጎንብሼ ከወንዶቹ ጋር ተቀመጥኩ። ሟቹን አላውቃቸውም። ነገር ግን ፊቴ ላይ የነበረው ሐዘን የሁሉንም ሐዘን ያስንቅ ነበር። ጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ትከሻዬን እየደባበሱ በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ አጽናኑኝ። የእኔ ካፊኖኖ ከገበያ የማያልፍ ስለሆነ የመለስኩላቸው ምናልባት የበቆሎ ዋጋ ይሆናል። እሳቸው ግን ይበልጥ አዘኑልኝ። «የሟች ምናቸው ነው?» የሚል ሹክሹክታ በድንኳኑ ዞረ፤ ንፍሮም ቆሎም ቀድሞ ለእኔ ይቀርብልኝ ጀመር።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ እትዬ አስካለ አዩኝ። ተነስተው አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ።

«ልጄ፣ ይሄን ሁሉ መንገድ ለእኔ ብለህ መጣህ?» አሉኝ፤ ዐይናቸው እንባ አቀረረ።

«እግዚአብሔር ያጽናዎት፣ እትዬ» አልኩና ትንሽ ቆይቼ፣ «እትዬ፣ እነዚያ ባዶ ፎልደሮች…»

«ምን ሆኑ?»

«አወጣኋቸው።»

እንባቸው ቆመ። «ስንቱን?»

«ሁሉንም።»

እትዬ አስካለ ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጭነው እንደ አዲስ አለቀሱ። ሴቶቹ ሟች ትዝ ብሏቸው ነው ብለው አጀቧቸው። ወንዶቹም ተከተሉ። ድንኳኑ ተናጋ። እኔም አለቀስኩ፤ እኔ እንኳ የማለቅስበትን አውቅ ነበር።

ሲበርድላቸው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«አባቴ ማንኪራ ጫካ ቀፎ የሚሰቅለው በመስመር ነበር» አሉኝ። «ከዚህ ዛፍ፣ ጥቂት አልፎ እዚያ ዛፍ፣ ጥቂት አልፎ ሌላው። አንዱ ቀፎ ሲወድቅ ወይም ሲወርድ፣ ቅርንጫፉ ላይ ሐረጉን አስሮ ይተወዋል። ለምን? እኛ ልጆቹ ስንሄድ፣ ‹እዚህ ቀፎ ነበር፣ ወርዷል፣ ወደ ፊት ሌላ አለ› ብለን እንድንቀጥል። ቀፎም ሐረግም የሌለበት ዛፍ ስናገኝ ግን እንመለሳለን፤ ከዚያ ወዲያ የሰው ደን ነው። የእኔም ፎልደር እንደዚያ ነው። መምህሩ ሲሞት፣ ጡረታ ሲወጣ፣ ወረዳ ሲቀይር ፋይሉ ይነሳል። ቦታውን ክፍት ከተውኩት የሚፈልግ ሰው እዚያ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያሉት ሁሉ የሉም ይባላሉ። ስለዚህ በቀይ ክር አስሬ ‹እለፍ› እለዋለሁ።»

«ታዲያ መመሪያው ላይ ለምን አልጻፉትም?»

«ይሄንንማ ማንም ያውቀዋል ብዬ ነዋ!»

ያን ጊዜ ነው «ድንቅ!» ብዬ የጻፍኩበት ገጽ ዐይኔ ላይ ድቅን ያለው። ያቆየሁላችሁ ሦስተኛው ብልጠት ይኸው ነው። ያ ቋንቋ ነገሮችን በሠንጠረዥ ሲያስቀምጥ፣ ቦታው የተያዘ እንደሆነ እየዘለለ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። አንድ ነገር ከሠንጠረዡ ሲወጣ ደግሞ ቦታውን ባዶ አይተወውም፤ «እዚህ አንድ ነገር ነበር፣ ሄዷል፣ አንተ ግን ፍለጋህን ቀጥል» የሚል ምልክት ያኖርበታል። ያን ገጽ አራት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ለመኝታ ቤቴ ግድግዳ እንኳ አስቤው ነበር። ያው ብልጠት ቀይ ክር አስሮ መቶ አርባ ጊዜ ሲገጥመኝ ግን ለፋይናንስ ክፍል አደልኩት። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ይሏችኋል እንዲህ ነው።

«እሺ፣ የመሠረትን ፋይል ለማግኘት ስንት ልዝለል?» አልኳቸው።

«የመሠረት? ምን መዝለል አስፈለገህ? መስኮቱ ላይ ነው እኮ! የዝውውር ሰሞን የሚፈለጉትን ሁሉ አውጥቼ መስኮቱ ላይ አስቀምጣለሁ። የሚፈለገውን ደጅ ላይ ማስቀመጥ ነው አላልኩህም? የመሠረትን ደግሞ ከሁሉ በላይ ነው ያደረግኩት። ነፍሰ ጡር ናት፣ አትጉላላ ብዬ።»

የእግር ማሳረፊያዬ ትዝ አለኝ።

ምን ብዬ እንደተሰናበትኳቸው አላስታውስም። ሚኒባሱ ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃ ያዘው። ሁላችንም ወርደን ገፋን፤ እንደ እኔ ግን የገፋ የለም። ሾፌሩ «ይሄ ልጅ መኪናው የእሱ ነው እንዴ?» እስኪል ድረስ ገፋሁ። ቦንጋ ስገባ ስምንት ሰዓት አልፎ ነበር። እስከ ወገቤ ጭቃ ለብሼ በባለጉዳዮቹ መሃል ሮጥኩ፤ የሌሉት ሰዎች መንገድ ለቀቁልኝ። ካርቶኑን ከጠረጴዛዬ ሥር ጎትቼ አወጣሁት። ከላይ፣ ከሁሉ በላይ፣ እትዬ አስካለ እንዳስቀመጡት፣ የመሠረት ፋይል ተቀምጧል። ሽፋኑ ላይ የጫማዬ ተረከዝ በደንብ ታትሞበታል።

ካርቶኑን ታቅፌ ኮሚቴው ዘንድ ስገባ ጸሐፊው «ፋይሉ የቀረበ አመልካች ባለመኖሩ» ብሎ ቃለ ጉባኤ እየጻፈ ነበር። ሰብሳቢው የመሠረትን ፋይል አንስተው ወደ ብርሃን ዘወር አደረጉት።

«ይሄ የጫማ ምልክት ምንድን ነው?»

«ብዙ መንገድ ተጉዟል» አልኳቸው። ጭቃዬን አይተው አመኑኝ።

የሃምሳውም ጉዳይ በዚያው ታየ። መሠረት ተዛወረች። ማታ ደውዬ ስነግራት አለቀሰች፤ እኔ ግን የሳምንቱን እንባ ዋጫ ስለጨረስኩት ሳቅኩ።

ሰኞ እትዬ አስካለ ተመለሱ። እኔ ከማለዳ ጀምሮ በየቢሮው ፎልደር እለምን ነበር። ዕቅድ ክፍል የጋበዘኝን ሻይ መልስልኝ አለኝ። ፋይናንሶች አንዷን እስከ ዛሬ አልመለሱም። ሁለታችን መሰላል እየወጣን፣ እሳቸው ቦታውን እያሳዩኝ፣ እኔ እያሰርኩ፣ ሦስት ቀን ፈጀብን። ጋሽ ሀብቴም መጡ።

«አለሁ?» አሉኝ በበሩ አንገታቸውን አስገብተው።

«አሉ፣ ጋሼ።»

«እኔማ ጠርጥሬ ነበር» ብለው ሄዱ።

በመጨረሻ ያን ገጽ አምጥቼ ለእትዬ አስካለ አሳየኋቸው። ፈረንጆቹ ልክ እንደ እሳቸው እንደሚሠሩ፣ ምልክቱ የት ጋ እንደሚደረግ፣ ሁሉንም በጣቴ እያሳየሁ አስረዳኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው «ድንቅ!» የምትለውን ብቻ አነበቡና፣

«ይሄን የሠራው ሰው ማር ይቆርጣል?» አሉኝ።

«አይመስለኝም።»

«እንግዲያው ጎበዝ ነው፣ ሳያይ ነው የደረሰበት» አሉ። ገጹንም አጥፈው መስኮቱ ላይ አኖሩት።

ከዚያ ከኮሚቴው የተመለሰውን የመሠረትን ፋይል ከቢታ መደርደሪያ ወደ ቦንጋው ሊያዛውሩ ተነሱ። ሽፋኑን በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው በአዲሱ ቦታዋ አስገቧት። ለቢታው ክፍት ቦታ ግን አንድ ባዶ ፎልደርና ቀይ ክር ሰጡኝ። መሰላሉን ወጥቼ ባለቤቴ ሁለት ዓመት ብቻዋን በኖረችበት ቦታ አስገባሁትና ክሩን ማሰር ጀመርኩ። እትዬ አስካለ መሰላሉን ከታች ይዘውልኝ ቀና ብለው አዩኝ።

«አጥብቀህ እሰረው» አሉኝ። «ሌላ አይቲ ይመጣ ይሆናል።»